አያ ባዬና ከጋሪው ላይ የተነሣችው ውሻ

ጎንደር ውስጥ፣ ከቀሐ ወንዝ ከፍ ብሎ ባለው ሰፈር፣ አያ ባዬ የሚባል ሰው ይኖር ነበር። ዕድሜው ወደ ሃምሳ የተጠጋ፣ ቁመቱ ረዘም፣ ትከሻው ጎበጥ ያለ፣ ሲናገር ድምፁ ከጉሮሮው ብዙም የማይርቅ ሰው ነው። ሥራውን ማንም በስሙ ጠርቶት አያውቅም። «እዚያ ጽዳቱ ጋ ነው የሚሠራው» ይባልና ወሬው ወደ ሌላ ይዞራል።

ሥራው እንዲህ ነው። ጣሊያን ከወጣ ወዲህ በከተማው ባለቤት የሌለው ውሻ በዝቶ ነበር። እብድ ውሻ የነከሳቸው ሰዎች ሞተው ለቅሶ ከተቀመጠ በኋላ፣ በየጊዜው መድኃኒት የገባበት ሥጋ በየመንደሩ ይጣል ጀመር። መድኃኒት ይሉታል እንጂ መርዝ ነው። ሥጋው ማታ ይጣላል፤ ሲነጋ አያ ባዬ በእጅ የሚገፋ ጋሪውን ይዞ ይወጣና የሞቱትን እየለቀመ፣ ከከተማው ውጭ ወደ ተቆፈረ ጉድጓድ ወስዶ አፈር ያለብሳቸዋል። በሌላው ጊዜ ቦይ ይጠርጋል፣ የገበያውን ጥራጊ ያነሣል። ሰው ግን እሱን ሲያይ ትዝ የሚለው ውሻው ነው።

ክፉ ቃል የሚናገረው አልነበረም። መንገድ ላይ ያገኘው ሁሉ «እንደምን አደሩ አያ ባዬ» ይለዋል። እጁን የሚጨብጠው ግን የለም። ጠላ ቤት ሲገባ ጥግ ላይ የምትቀመጥ፣ ለእሱ ብቻ የተለየች አንዲት ጣሳ አለች። የጽዋ ማኅበር ግባ ብሎ የጠየቀው የለም፤ ሰርግ ሲጠራም ምግቡ ለብቻው ተደርጎ ከበር አጠገብ ይሰጠዋል። መጀመሪያ መጀመሪያ ይከፋው ነበር። በኋላ ግን ሰዎቹ እንዳይሳቀቁ ብሎ ራሱ ቀድሞ ከበር አጠገብ መቀመጥ ለመደ።

ዱሮ እንዲህ አልነበረም። ከደባርቅ በላይ ደጋው ላይ ተወልዶ፣ እዚያው አግብቶ፣ ገብስ የሚዘራ፣ በግ የሚያረባ ገበሬ ነበር። ጠላት በወጣ በሁለተኛው ዓመት ተስቦ ገባና ሚስቱን ጽጌሬዳንና ገና ጡት የጣለች ሴት ልጁን አከታትሎ ወሰደበት። እሱ ታሞ ተረፈ። አርባቸውን ካወጣ በኋላ በሬዎቹን ለሚስቱ ወንድም ለማሩ አስረክቦ፣ «ጎንደር ደርሼ እመጣለሁ» ብሎ ወጣ። ወጥቶ ቀረ። የቤቱን በር ከፍቶ ባዶውን ማየት አቃተው እንጂ ሌላ ምክንያት አልነበረውም። ጎንደር ገብቶ ያገኘው ሥራ ማንም የማይፈልገው ስለ ነበር የተሻማው አልነበረም።

በአርባ አራት ዓመተ ምሕረት፣ የጥምቀት እንግዳ ወደየአገሩ ከተመለሰ በኋላ፣ የበዓሉን አጥንት ተከትሎ ወደ ቀሐ የወረደው ውሻ ስለ በዛ መድኃኒቱ ተጣለ። አያ ባዬ ማለዳ ጋሪውን ሞልቶ ዳገቱን ሲገፋ ከሥር ሲር የሚል ድምፅ ሰማ። መንኰራኩሩ መስሎት መንገዱን ቀጠለ። ጉድጓዱ ጋ ደርሶ ማራገፍ ሲጀምር፣ ከሌሎቹ ሥር ተጨፍልቃ የነበረች አንዲት ቡላ ውሻ ዐይኗን ገልጣ አየችው። አፏ አረፋ ብቻ ነው፤ እግሮቿ እንደ እንጨት ተወጥረዋል።

አያ ባዬ አካፋውን እንደ ያዘ ቆመ። እንዲህ ያለ ሲገጥም ምን እንደሚደረግ ያውቃል። አለቃውም ነግሮታል፤ ከዚህ በፊትም አድርጎታል። አሁን ግን እጁ እንቢ አለው። ለምን በዚያ ቀን፣ ለምን ለእሷ እንደ ሆነ በኋላ ሲጠየቅ፣ «አየችኛ» ነበር የሚለው።

አካፋውን ጥሎ በጋቢው ጠቀለላትና ወደ ቤቱ ይዟት ወረደ።

ቤቱን ያከራየችው ወይዘሮ ሐረገወይን የምትባል ጠላ ሻጭ ናት። አያ ባዬ ከጠላ ቤቷ ጀርባ ያለችውን አንዲት ክፍል ይዞ ይኖራል። ግቢው አጥር የለውም፤ ጠጪው ሁሉ እንደ ፈለገ ይወጣል ይገባል። ሐረገወይን የተጠቀለለውን ስታይ እጇን አፏ ላይ ጫነች።

«ምነው አያ ባዬ! ሬሳ ቤቴ ድረስ ይዘው መጡ?»

«አልሞተችም። ወተት ካለዎት ትንሽ ይስጡኝ።»

«ለውሻ?»

«ለውሻ።»

ሐረገወይን ትክ ብላ አየችው። በዚህ ግቢ ሲኖር ከቤቷ አንዳች ነገር ለምኖ አያውቅም። ወተቱን አመጣችና እጁ እንዳይነካት ጣሳውን መሬት ላይ አስቀመጠችለት።

አፏን ፈልቅቆ አጠጣት፤ አስታወከች፤ እንደገና አጠጣት። ቀኑን ሙሉ ስትንዘፈዘፍ ዋለች። እሱም ሥራውን ትቶ አጠገቧ ዋለ። ጀምበር ስታዘቀዝቅ መንዘፍዘፉ ተወት አደረጋትና አንገቷን ቀና አደረገች። ሰው አጠገቧ መኖሩን ስታውቅ ግን እየተጎተተች ሄዳ ጥግ ካለው የውኃ ጋንና ከግድግዳው መካከል ተወሸቀች።

አያ ባዬ ካተረፋት በኋላ የምትቀርበው መስሎት ነበር። እሷ ግን እጅ ባየች ቁጥር ሽንቷ ያመልጣታል። ደጅ ላይ ጠጪ ከሳቀ ትንቀጠቀጣለች። የሚያኖርላትን እህል አሽትታ ወደ ኋላ ትላለች፤ ሥጋ ሲያሳያት ጭራሽ ጥርሷን አወጣችበት። ውኃ ብቻ እየላሰች የጎድን አጥንቷ እስኪቆጠር ድረስ ከሳች። «እኔ ምን በደልኩሽ?» ይላታል አንዳንዴ፤ ይልና ጋሪውን አስታውሶ ከአጠገቧ ይነሣል።

አንድ ቀን ቦይ ሲጠርግ ውሎ ደክሞት ገባና እንጀራውን በሽሮ መብላት ጀመረ። ግማሹን ሳያጋምስ እንቅልፍ አሸነፈውና ገበታውን መሬት ላይ እንደ ተወ ጋደም አለ። ትንሽ ቆይቶ የመላስ ድምፅ ሰማ። ዐይኑን በቀስታ ገለጠ። ውሻይቱ ከጋኑ ጀርባ ወጥታ እሱ ከቆረሰበት በኩል ትበላለች፤ እጁ ያልደረሰበትን ግን አልነካችውም። በማግስቱ ሞከራት። ሳይቀምስ አኖረላት፤ እንቢ አለች። ፊት ለፊቷ ቆርሶ አላምጦ ዋጠና የቀረውን አኖረላት፤ በላች።

ያኔ ገባው። መርዙ የመጣባት ከሰው እጅ ነው። አሁን ሰው ራሱ ቀድሞ ያልቀመሰውን ምግብ ብላ አትቆጥረውም።

ከዚያ ወዲህ ኑሯቸው በዚሁ ሆነ። እሱ ይጎርሳል፣ እሷ ጉሮሮውን ታያለች፣ ሲውጥ ጠጋ ትላለች። ዐቢይ ጾም ሲገባ እሱ ቅዳሴ እስኪወጣ እህል አይቀምስምና እሷም አብራው ጾመች፤ ሲጨንቃት ከጋኑ ጀርባ አንገቷን ብቅ አድርጋ አፉን ታየዋለች። «አይዞሽ፣ ደረሰ» ይላታል። አያ ባዬ ከሌላ ጋር አብሮ ከበላ ብዙ ዘመኑ ነው። አንዳንድ ቀን ጽጌሬዳ ትዝ እያለችው መጉረስ ያቅተዋል፤ እሱ ካልጎረሰ ደግሞ ውሻይቱ አትበላም። ስለዚህ ይጎርሳል።

ስም አላወጣላትም። ስም ካወጣላት የእሱ ልትሆን ነው፤ የእሱ የሆነ ነገር ምን እንደሚደርስበት ያውቃል። ጥላዋን አይታ ስትደነግጥ «አይዞሽ»፣ ጋሪው ሲንኳኳ «አይዞሽ»፣ ነጎድጓድ ሲመጣ «አይዞሽ» እያለ ይኖራል። ፋሲካ ሲደርስ ከጋኑ ጀርባ ወጥታ በሩ ላይ መተኛት ጀምራ ነበር። እጁን እንዲያሳርፍባት ግን አልፈቀደችም።

የሚያዝያ ወር ሲያልቅ አለቃው ጠራው።

«ክረምት ሳይገባ አንድ ጊዜ ይጣላል። ጋሪህን አዘጋጅ» አለው።

«አንዲት ውሻ አለችኝ» አለ አያ ባዬ።

አለቃው ሳቀ። «አንተ? ውሻ?» አለና የአያ ባዬን ፊት ሲያይ ሳቁን ተወው። «አጥር ግቢ ካለህ እሰራት። ከሌለህ ግን ምን ልበልህ? ሥጋው ይቺ የባዬ ናት ብሎ አይተዋትም።»

መርዙን እንደማትበላ አያ ባዬ ያውቃል። ነገር ግን ከመርዙ የተረፈውን በዱላ የሚጨርሱ ነበሩ፤ እሷም ዱላ ያነሣ ሰው ስታይ መሮጥ ትታ መሬት ላይ ነው የምትለጠፈው። ማታ ወደ ቤቱ ሲመለስ ደግሞ ሐረገወይን ደጅ ቆማ ጠበቀችው።

«አያ ባዬ፣ ልቤ ክፉ አይደለም። ግን ገበያ ቀረብኝ። ትናንት አንዱ ሰካራም ጅራቷን ረገጣትና ጩኸቷ ሰፈሩን አናወጠው። ጠጪው ‹የጽዳቱ ሰውዬ ውሻ ቀብሮ ቀብሮ አሁን ሊያረባ ነው› እያለ ይስቃል። ክረምት ሳይገባ መላ ይፈልጉላት።»

«እሺ» አለ። 

አንድ ኃይለ ጊዮርጊስ የሚባል ቆዳ ነጋዴ ነበር፤ ግቢው በድንጋይ የታጠረ ሀብታም ሰው። አያ ባዬ ሄዶ ለመነው።

«ትጮኻለች?» አለ ነጋዴው።

«ሰው ከመጣ ትጮኻለች።»

«ሸጋ! ለቆዳው መጋዘን ጠባቂ እፈልግ ነበር። አምጣት።»

«ታዲያ አንድ ነገር አለ። ምግብ ሲሰጧት መጀመሪያ ቀምሰው ያሳዩዋት። ያለዚያ አትበላም።»

ኃይለ ጊዮርጊስ አገልጋዮቹ እስኪዞሩ ድረስ ሳቀ። «እኔ ለውሻ ቀማሽ ልሆን ነው?»

አያ ባዬ አስሮ ትቷት ተመለሰ። እነዚያን ቀናት ቤቱ ገብቶ ሲበላ አፉ እንደ ገለባ ሆነበት። ሳምንት ሳይሞላ አንድ ማለዳ በሩን ሲከፍት ደጁ ላይ ተኝታ አገኛት። አንገቷ ላይ የተበጠሰ ገመድ ተንጠልጥሏል፤ ገመዱ በጥርስ የተቆረጠ ነው፤ ቆዳዋ ቆስሏል፤ ሆዷ ከጀርባዋ ጋር ተጣብቋል። ዐይኑን ሳታየው በእግሮቹ መካከል አልፋ ከጋኑ ጀርባ ገባች። ከተማውን ሁሉ አቋርጣ፣ ሰው በሞላበት ገበያ አልፋ የመጣችው ወደ እሱ ቤት ነው። አያ ባዬ መጀመሪያ ደስ አለው። የደስታው ብዛት ደግሞ አስፈራው። ተቀምጦ እንጀራ ቆረሰና ጎረሰ።

በሚቀጥለው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የንስሐ አባቱ አባ ተክለ ጊዮርጊስ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ ዛፍ ሥር አገኙት። ሽማግሌ ቄስ ናቸው፤ መቋሚያቸውን ተደግፈው ቆሙ። ውሻይቱ ካህኑን ስታይ ከዛፉ ጀርባ ተደበቀች።

«ምነው ልጄ፣ ከፋሲካ ወዲህ ከደጀ ሰላሙ አልፈህ ስትገባ አላይህም?»

«ትከተለኛለች አባ። እሷ ቅጽሩን እንዳታልፍ ብዬ እዚህ አስቀድሳለሁ።»

«በአንድ ገበታ ትበላላችሁ እየተባለ ይወራል።»

«በአንድ ገበታስ አይደለም። እኔ እቀድማለሁ፣ ለእሷ መሬት ላይ አኖርላታለሁ። ኃጢአት ነው?»

አባ ተክለ ጊዮርጊስ ወደ ዛፉ ተመለከቱ። ከግንዱ ጎን አንድ ጆሮ ብቻ ይታያል። «የተራበ እንስሳ ማብላት ኃጢአት አይደለም። እኔን የሚያሳስበኝ አንተ ከሰው ሸሽተህ ከእሷ ጋር መቅረትህ ነው።»

«እኔ አልሸሸሁም አባ። ሰው ነው የሸሸኝ።»

«የጎንደሩ ሰው ሸሽቶህ ይሆናል። ያገርህስ ሰው? የሸሸኸው አንተ አይደለህም?»

አያ ባዬ ዞር ብሎ ዛፉ ጀርባ የተደበቀችውን ውሻ አየ። 

«ለእሷ ማረፊያ አጣሁ። ያገሬ ሰው ካሉ የሚስቴ ወንድም አለ» አለ በመጨረሻ።

«በግ ያረባል?»

«ያረባል።»

«እንግዲያው እኔን ምን ትጠይቀኛለህ?» ብለው መስቀላቸውን አሳልመውት ሄዱ።

ከሐረገወይን ጠጪዎች መካከል ፋንታሁን የሚባል ሾፌር ነበር። በሊማሊሞ ቁልቁለት ዛሪማና አዲ አርቃይ እያለ እስከ አስመራ ጭነት የሚያመላልስ፣ ድምፁ ከማኪናው የማይተናነስ ሰው። አያ ባዬ ውሻይቱን ደባርቅ፣ ማሩ ዘንድ ሊያደርሳት እንደሚፈልግ ሲያስረዳው ጺሙን አከከ።

«እኔ ሰውም ከብትም ጭኛለሁ። ግን የጫንኩት ኑግ ላይ ከሸናች የሚያጥቡት እርስዎ ነዎት» አለ።

ማኪናው ሲነሣ ውሻይቱ ልቧ ሊወጣ ደረሰ። አያ ባዬ በጋቢው ጠቅልሎ ከኑጉ ጆንያ ላይ አቀፋት። ከጋሪው ካነሣት ማለዳ ወዲህ፣ ገመድ ከማሰር በቀር፣ እጁ ሲያርፍባት የመጀመሪያው ነበር። እስከ ዳባት ድረስ ስትንቀጠቀጥ፣ ጥርሷ ሲጋጭ ይሰማው ነበር። ከዳባት በኋላ፣ ብርዱ ሲበረታ፣ አፍንጫዋን ከብብቱ ሥር ወተፈችና ዝም አለች። ያ ሁሉ ጊዜ ያልሆነው ነገር በዚያች መንገድ ላይ ሆነ፤ ሊሰጣት ሲሄድ። አያ ባዬ ነፋሱ ዐይኑን ያስለቀሰው አስመስሎ ፊቱን ወደ ገደሉ አዞረ።

ደባርቅ ወርደው በእግር ተጓዙ። ጉም ያለበት ቀን ነው። ጅብራ የሚባለው ረጅም የደጋ ተክል እንደ ሰው ቆሞ ሲታያት ውሻይቱ ታፈገፍጋለች፤ «አይዞሽ» እያለ ገመዱን ለቀቅ ያደርግላታል። እሱም ቢሆን በየመታጠፊያው ይቆም ነበር። እያንዳንዱን ድንጋይ ያውቀዋል።

ማሩ ቤት ሲደርሱ በሩ ላይ የማሩ ሚስት አበቡ ገብስ ታበጥር ነበር። መጀመሪያ ለማኝ መሰላት። ከዚያ ሰፌዱን ጣለችና «አያ ባዬ! አያ ባዬ ነዎት?» ብላ እሪ አለች። ማሩ ከጓሮ ሮጦ መጣ። ሰላምታ አልተለዋወጡም፤ ሦስቱም ተቃቅፈው ጽጌሬዳንና ልጇን እንደ አዲስ አለቀሷቸው። ጎረቤትም ሰምቶ መጣና አለቀሰ። ለቅሶው ሲበርድ ማሩ ዐይኑን በጋቢው ጠርጎ፣ «ለካ ጎንደር ሩቅ ነው» አለ። ከዚያ በላይ አልወቀሰውም።

ውሻይቱ ይህ ሁሉ ሲሆን ከማጀቱ ጀርባ፣ ከድንጋይ ክምር ሥር ገብታ ነበር። ጠርተው አጡዋት።

«ለበጎቹ ጠባቂ ያመጡልን ይቺን ነው?» አለ ማሩ። «እኛ እኮ ቀበሮ የሚያባርር ነው የምንፈልገው። ይቺስ ቀበሮ ቢመጣ ቤቱን ታሳየዋለች።»

«ሰው ነው የምትፈራው» አለ አያ ባዬ። «ሌላውን አላውቅም። ሌላ ነገር አሳይቻት አላውቅም።»

አመሻሹ ላይ በጎቹ ገቡ። ጉሙን ሰንጥቀው፣ እያሳሉና እየተገፋፉ በረቱን ሲሞሉት፣ ከድንጋዩ ክምር አንድ አፍንጫ ብቅ አለ። ቆየና አንገት ወጣ። ሰዎቹ ከቤት ሆነው አዩ። ውሻይቱ ሆዷን መሬት እያስነካች ወደ በረቱ ሄደች። አንዲት እናት በግ መሬቱን በእግሯ ደበደበችባት፤ ውሻይቱም ባለችበት ተኛች። በጓ ቀርባ አሸተተቻትና መንገዷን ቀጠለች። ሌሎቹም ቀስ በቀስ ዙሪያዋን ሞሉት። ብዙም ሳይቆይ ከበጎቹ መካከል ሆና ጭንቅላቷን በእግሮቿ ላይ አሳርፋ ታየች። አያ ባዬ እንዲህ ሰውነቷን ለቃ ተኝታ አይቷት አያውቅም። በጎች እጅ የላቸውም፤ ዱላ አያነሡም፤ የሚጥሉት ሥጋም የላቸውም።

«እንዴት ነው የምትበላው?» አለች አበቡ። ነገራት። ማሩ ሳቀ፤ አበቡ ግን ከገብስ ቂጣው ቆረሰችና ወደ በረቱ ሄደች። ራቅ ብላ ተቀመጠች፣ አላመጠች፣ ዋጠች፣ የቀረውን አኖረችና ጀርባዋን ሰጠች። ለረጅም ጊዜ ምንም አልሆነም። ከዚያ ቂጣው ጠፋ።

«ለውሻ ትቀምሻለሽ?» አላት ማሩ ስትመለስ።

«አንተም አማቶችህ ቤት መጀመሪያ የመጣህ ለታ እኔ ሳልጎርስ አልጎረስክም» አለችው። ማሩ አፉን ዘጋ፤ አያ ባዬ ከስንት ዘመን በኋላ ሳቀ። ሳቁ ለራሱ እንግዳ ሆነበት።

«ስሟ ማን ነው?»

«ስም የላትም። አይዞሽ ብቻ ነው የምላት።»

ቃሉን ሲሰማ ከበረቱ አንድ ራስ ቀና አለ። አበቡ አየችና፣ «አላት እንጂ» አለች።

አያ ባዬ ጥቂት ቀን ሰነበተ። አንድ ማለዳ ብቻውን ወደ ድሮ ቤቱ ሄደ። ጣራው ወድቆ፣ ግድግዳው ተንዶ፣ መሠረቱ ላይ ሳማ በቅሎበታል። ጽጌሬዳ እህል የምትፈጭበት የወፍጮ ድንጋይ ከመካከሉ ተሰንጥቆ ተኝቷል። ከድንጋዩ አጠገብ ተቀምጦ ፀሐይ እስክትሞቅ ቆየ። ሲመለስ ማሩ መንገድ ላይ ጠበቀው።

«ቤቱን እናቆመዋለን» አለ ማሩ። «መሬቱም የእርስዎ ነው፤ እኔ በአደራ ነው የማርሰው። ምን ቀረዎት ጎንደር? ማን አለዎት?»

«ማንም የለኝም።»

«ታዲያ?»

አያ ባዬ ቃል ፈለገ። «እዚያ ብቻዬን ስሆን ብቻዬን ነኝ» አለ። «እዚህ ግን ሁሉም ነገር ከእነሱ ጋር ነው። ጉሙም፣ በጉም፣ የአበቡ ድምፅም። እሱን አልችለውም ማሩ።»

ማሩ አብሮት ወደ ቤት ተመለሰ።

ሊሄድ የተነሣ ለት በጎቹ ወደ ጓሳው ሣር ሲወጡ ውሻይቱ ተከትላ ወጥታ ነበር። «አሁን ይሂዱ፣ ሳታይዎት» አለችው አበቡ፤ ስንቅ አስያዘችው። ቁልቁለቱን ሲጀምር ግን ዞር ብሎ አየ። ውሻይቱ ከጉብታው ላይ ቆማ ታየዋለች። ጥቂት ወደ እሱ መጣች፤ ቆመች። ቢጠራት ትመጣ ነበር፤ እሱም ያውቃል። ቃሉ ምላሱ ላይ ነበር። ከንፈሩን ገጥሞ ወረደ፤ ጉሙ ሁለቱንም እስኪሸፍን ድረስ ዳግመኛ አልዞረም።

ጎንደር በተመለሰ ሰሞን መድኃኒቱ ተጣለ። አያ ባዬ ማለዳ ጋሪውን ይዞ ወጣ። የመጀመሪያውን ውሻ መንገድ ላይ ተዘርግቶ ሲያየው ቆመ፤ ጋሪውን አዙሮ ለአለቃው አስረከበ። «አልችልም» አለ። አለቃው ተቆጣ፣ ለመነ፣ በኋላ ሌላ ሰው አገኘ። አያ ባዬ ከዚያ ወዲህ የቀን ሠራተኛ ሆነ፤ ለግንበኛ ድንጋይ ያቀብላል፤ ጥምቀት ሲቀርብም ከቀሐ ወንዝ ወደ መጠመቂያው ውኃ የሚገባበትን ቦይ ይጠርጋል። ሰው ግን የድሮውን አልረሳለትም። ጣሳዋ ሐረገወይን ቤት እዚያው ጥግ ላይ ነበረች። አንድ ጊዜ ሐረገወይን ጣሳዋን አንሥታ ከሌሎቹ ጋር ልትቀላቅላት ሞከረች፤ ጠጪዎቹ አጉረመረሙ፤ እሱ ራሱ «ይተዉት፣ ለምጃታለሁ» አላት። ማታ ቤቱ ገብቶ ሲበላ ቶሎ ቶሎ ይበላል፤ የሚጠብቀው የለምና።

ከደባርቅ ወሬ የሚያመጣለት ፋንታሁን ነበር። አንድ ጊዜ ማሩን ገበያ አግኝቶ፣ ውሻይቱ ቀበሮ አሳድዳ ግልገል ማስጣሏን ሰምቶ መጣ። ሌላ ጊዜ መውለዷን፣ ማሩ አንዱን ቡችላ ለጎረቤት መስጠቱን። አያ ባዬ ወሬውን ሁለት ሦስት ጊዜ ያስደግመዋል።

በዓመቱ፣ አዝመራ ከገባ በኋላ፣ ማሩ ለጽጌሬዳ መታሰቢያ ጠላ ጠምቆ «ይምጡ» ብሎ ላከበት። ከብዙ ሐሳብ በኋላ ወጣ። ደጁ ሲደርስ ከበረቱ የቡላ ውሻ ጩኸት ተቀበለው፤ ወፍራም፣ የማያቋርጥ፣ በማንኛውም እንግዳ ላይ እንደምትጮኸው። ጠጉሯ ሞልቷል፤ አንገቷ ላይ የገመዱ ጠባሳ አይታይም። ማሩ ሊያስታግሣት ሲል «ተዋት» አለው። በማግስቱ፣ ሰው ተዝካሩን በልቶ ሲበተን፣ ብቻውን ከበረቱ አጠገብ ተቀመጠ። ውሻይቱ መጣች። እጁን አሸተተች፣ ጋቢውን አሸተተች፣ ጥቂት ጊዜ ጎኗን ከጉልበቱ አስጠግታ ቆመች። እሱም ጀርባዋን ዳሰሳት። አንዲት ግልገል ከበረቱ አጥር ወጥታ ስትጮኽ ጆሮዋ ቆመና ጥላው ሮጠች፤ ግልገሏን መልሳ ከበጎቹ መካከል ተኛች።

ሲመለስ ፋንታሁን ከደባርቅ አሳፈረው።

«እንዴት ነች? አወቀችዎት?» አለው መሪውን እያዞረ።

«አወቀችኝ።»

«ታዲያ አብራዎት ልምጣ አላለችም?»

አያ ባዬ በመስኮቱ ወደ ታጨደው የገብስ ማሳ ተመለከተ።

«ሥራ አላት» አለ።

 ማኪናው ወደ ዳባት ቁልቁል ሲወርድ ብርዱ በበሩ ሽንቁር ይገባ ጀመር፤ አያ ባዬም ጋቢውን እስከ ጆሮው ስቦ ተከናነበ።